ቤንዚን አልደርስ ያላት አሮጌ ሞተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ፣ ላላቸው የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ነው። ያማሃ ዲቲና ኤጂ፣ ሆንዳ ሲጂና ኤክስኤል፣ ዕድሜ የጠገቡ ባጃጅ ቦክሰሮች። እነዚህ የነዳጅ ፓምፕ የላቸውም። ቤንዚኑ ከሰልባቲዮ (ከነዳጅ ታንኩ) ወደ ካርቡሬተር የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። የሚገፋው ስለሌለ ለመቆም ሰበብ አያጣም። አንድ ጉድፍ ወይም አንድ የታጠፈ የቤንዚን ጎማ ይበቃዋል። ከዚህ በታች «ሞተር» ስል ሳይክሏን ነው፤ ውስጥ የሚሠራውን «ኢንጂን» እለዋለሁ።

ሞተሬ ጥሩ ትነሳለች። ጥቂት ሄዳ ግን ጉልበት ታጣና ትጠፋለች። ትንሽ ቆይቼ በእግሬ ስመታት እንደገና ትነሳለች። ካርቡሬተሯ ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን ገና አትፍቱት። ጋራዥ ብትወስዷት የብዙ መካኒክ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ካርቡሬተር ላይ ነው። ተፈቶ፣ ተነፍቶ፣ ተገጥሞ ሲያበቃ ችግሩ ያው ይሆናል፤ ምክንያቱም ቤንዚኑ የታገደው ከላይ ነው። ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ይሁን። መጀመሪያ ክዳን፣ ከዚያ ሰልባቲዮ፣ ከሥሩ ያለው የቤንዚን መክፈቻ፣ ጎማ፣ ፊልትሮ። ካርቡሬተር መጨረሻ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ፈተና አለ፤ ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ካርቡሬተሩ ሥር፣ ቤንዚን የምትይዘው ሳህን ላይ፣ ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አለች። ሞተሯ መንገድ ላይ ልክ እንደጠፋች መጀመሪያ የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። መክፈቻው ክፍት ከሆነ እናንተ ካቻቪቴ ስትፈልጉ ሳህኗ ቀስ እያለች ትሞላና ፈተናው ይዋሻችኋል። ከዘጋችሁ በኋላ ከሥሯ ትንሽ ብልቃጥ ያዙና ብሎኗን አላሉ። ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ ቤንዚን አልደረሰም። ጥፋቱ ከላይ ነው። በደንብ ከፈሰሰ ግን ቤንዚን ነበረ። ያን ጊዜ ዓይናችሁን ወደ ኤሌክትሪኩ መልሱ፤ በተለይ ለካንዴላው እሳት ወደሚሰጠው፣ ሲሞቅ ወደሚሰንፍ ቦቢና።

አጠፋፏም ይለያያል። ቤንዚን ያጣች ሞተር ቀስ በቀስ ነው የምትደክመው። ትቆራረጣለች፣ ታስነጥሳለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ልትጠፋ ስትል ቾክ (ቤንዚን የሚያበዛውን ማንሻ) ስትስቡላት ለአፍታ ነፍስ ከዘራች ጥርጣሬው ይጠናከራል። ካንዴላው እሳት ያጣ እንደሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ድንገት ጭጭ ትላለች።

ታዲያ ለምን ቆይታ ትነሳለች?

በ3 ሊትር 100 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ሞተር በሰዓት 80 ስትነዷት በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። የካርቡሬተሩ ሳህን የሚይዘው ደግሞ ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ነው። ከላይ የሚወርደው ከዚያ ካነሰ ሳህኗ እየጎደለች ሄዳ ባዶ ትሆናለች። ስትቆሙ ግን የሚጠጣ የለም። ጠብ ጠብ እያለ ይሞላል። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ምንም የማትል ሞተር አስፋልት ላይ ስትለቋት የምትከዳችሁ።

ሳህኗ ባዶ ሆና ተገኘች። ከየት ልጀምር?

ከሰልባቲዮው ክዳን። ርካሹና ቶሎ የሚረሳው እሱ ነው።

ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለ። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት። አንድ ቀዳዳ ብቻ የተበሳ የዘይት ጣሳ ስትደፉት እንደሚያንቀው ነው፤ ትንሽ ይወርድና ይቆማል። አቧራ፣ ጭቃ፣ አንዳንዴም ሞተር ሲታጠብ የገባ ሳሙና ያን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሰልባቲዮው ላይ ለጌጥ የሚለበሰው ላስቲክና ጨርቅም ክዳኑን ከሸፈነ ያው ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሯ ስትጠፋ ክዳኑን ክፈቱ። አየር «ፍስስ» ብሎ ሲገባ ከሰማችሁና ወዲያው ከተነሳች ተገኘ። ክዳኑን ፍቱት፣ በቤንዚን እጠቡት፣ ቀዳዳውን በአየር አስነፉት። ክዳኑን ትንሽ አላልቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ጉድጓድ ሲመታችሁ ቤንዚን በጋለ ኢንጂን ላይ ይረጫል።

ክዳኑ ደህና ነው። ፍሰቱን በምን ልለካ?

በሃይላንድ ጠርሙስ። መክፈቻውን ዝጉ፣ ጎማውን ከካርቡሬተሩ ጫፍ ንቀሉ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ፣ ክፈቱ። ኢንጂኑ የቀዘቀዘ ይሁን። ሥራው ደጅ ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ወይም ከሰል አጠገብ አይሁን። ሲጋራ ያለው ሰው ራቅ ይበል።

በግማሽ ደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ከሞላ ለ125 ሞተር ይተርፋል። ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይውረድ። ብዙ ሰው «እኮ ይወርዳል!» ብሎ ወዲያው ይዘጋዋል። ችግሩ ያለው ደግሞ በጥንካሬ ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄደው ላይ ነው። ክዳኑ ተዘግቶም ተከፍቶም ሞክሩት። ሲዘጋ የሚቀጥን፣ ሲከፈት የሚፈጥን ከሆነ ወደ ክዳኑ ተመለሱ። በሁለቱም ቀጭን ከሆነ ጥፋቱ መክፈቻው፣ ወንፊቱ ወይም ጎማው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ሞተሮች መክፈቻቸው የሚከፈተው ኢንጂኑ ሲስበው ነው። የምታውቁት ከመክፈቻው ሁለት ጎማ በመውጣቱና «ዝጋ» በሚለው ፈንታ ፒአርአይ (PRI) የሚል ምልክት ስላለው ነው። እሱን በመደበኛው ቦታ ላይ አድርጋችሁ ጎማ ብትነቅሉ ጠብታ አይወርድም፤ ጤነኛ ስለሆነ። ፒአርአይ ላይ አዙሩና ለኩ። እዚያ ላይ በደንብ ወርዶ መደበኛው ላይ ሞተሯ የምትጠፋ ከሆነ በመክፈቻው ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀዷል፣ ወይም የመሳቢያዋ ጎማ ተሰንጥቃለች።

መክፈቻው ውስጥ ምን ይበላሻል?

ሰልባቲዮው ውስጥ ወደ ላይ የምትቆም ቀጭን ቱቦ አለች፤ ዙሪያዋን ወንፊት ለብሳለች። መደበኛው ከቱቦዋ ጫፍ ይቀዳል፣ ሪዘርቩ (መጠባበቂያው) ከሥር። ቆሻሻ የሚጠራቀመው ሥር ስለሆነ ሪዘርቭ ላይ ስታዞሩ የምትጠፋ ሞተር ካለቻችሁ ወንፊቱ ታፍኗል ብላችሁ ገምቱ። ሰልባቲዮውን አራግፉ፣ መክፈቻውን ፍቱ፣ ወንፊቱን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። የተቀደደ ወንፊት መልሳችሁ አትግጠሙ።

ሁልጊዜ ሪዘርቭ ላይ የሚነዳ ሰው ደግሞ ሪዘርቭ የለውም። ቤንዚን ሲያልቅበት አለቀ ነው።

የሰልባቲዮው ቅርጽም ያሳስታል። የፍሬሙን የላይኛውን ብረት ከሥሩ አቅፎ ስለሚቀመጥ ሆዱ ሁለት ነው፤ መክፈቻው ግን በአንድ ወገን። ቤንዚን ሲያንስ በሌላው ወገን የቀረው አይሻገርም። ክዳን ከፍታችሁ ስታዩ ቤንዚን አለ፣ ካርቡሬተሩ ግን ባዶ ነው። ያን ጊዜ ክዳኑን ግጠሙና ሞተሯን መክፈቻው ወዳለበት ወገን በደንብ ጋደም አድርጓት፣ መልሳችሁ አቁሟት። ማደያ የሚያደርስ ያህል ይገኛል።

የገጠምኩት ፊልትሮ ግማሹ አየር ነው። ችግር አለው?

ብዙውን ጊዜ የለውም። ቤንዚን እያለፈበት ከሆነ አየሩን ተዉት። ችግሩ ሌላ ነው። ለመኪና ፓምፕ ተብሎ የተሠራ ድፍን የወረቀት ፊልትሮ በክብደት ብቻ ለሚወርድ ቤንዚን ይከብደዋል። ለሞተር የተሠራ፣ ወንፊት ያለው ትንሽ ፊልትሮ ግጠሙ። ጎማውም እንዳይረዝም። ወደ ላይ ተቆልምሞ መልሶ የሚወርድ ጎማ አየር ይቋጥራል። ርካሽ የውኃ ቱቦ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው በጥቂት ወር ይደርቅና ይሰነጠቃል። የነዳጅ ጎማ ግዙ፣ በፋሼታ እሰሩት።

ቤንዚን በደንብ ይወርዳል። ሞተሯ ግን ያለ ቾክ አትሄድም፤ ሚኒሞም (ነዳጅ ሳይሰጧት ቆማ መሥራት) አትይዝም።

አሁን ካርቡሬተሩን መፍታት ይቻላል።

ቾክ ሲሳብ ብቻ የምትሄድ ሞተር ቤንዚን አንሷታል ወይም አየር በዝቶባታል። ሚኒሞ የማትይዝ፣ ነዳጅ ስትሰጧት ግን ደህና የምትሄድ ከሆነ የሚኒሞው ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ያለው ነሐስ) ተደፍኗል። ሚኒሞዋ ጥሩ ሆኖ አቀበት ላይ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጧት የምትዝል ከሆነ ዋናውን ጄት ወይም ፍሰቱን ተጠራጠሩ። ለወራት የቆመች ሞተር ብዙ ጊዜ የሚይዛት የሚኒሞው ጄት መደፈን ነው። ቤንዚኑ ይተንና ሙጫ የመሰለ ቡናማ ነገር ጥሎ ይሄዳል። የሚኒሞው ጄት ቀዳዳ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው።

አጸዳዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ካርቡሬተር የሚሞተው እዚህ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት የሚኒሞውን የቤንዚንና የአየር ማመጣጠኛ ቪቴ (ብሎን) በቀስታ እስኪነካ ድረስ ወደ ውስጥ አዙሩና ስንት ዙር እንደሄደ ቁጠሩ። ጻፉት። ስትገጥሙ በዚያው ቁጥር ትመልሱታላችሁ። አጥብቃችሁ እንዳትጨርሱት፤ ሹል ጫፉ ይሰበራል። ጄቶቹን በልካቸው ካቻቪቴ ፍቱ። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ካቻቪቴ አፉን ይበላዋል። ወደ ብርሃን አንሱና በአንድ ዓይን እዩ። ክብ፣ ጥርት ያለ ነጥብ መታየት አለበት። የጨረቃ ቁራጭ ከመሰለ ገና ነው። በሽቦ አትጎርጉሩት። ቀዳዳው ከሰፋ ዕድሜ ልኳን ቤንዚን ትበላለች። የካርቡሬተር ማጽጃ ወይም ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፣ ከዚያ ጎሚስታ ዘንድ በኮምፕሬሰር አስነፉት። ሲነፋ መነጽር አድርጉ፤ ሳህኗ ስትሞላ ቤንዚኑን የሚዘጉትን ተንሳፋፊውንና መርፌውንም ቀድማችሁ አውጡ።

ካጸዳችሁም በኋላ ካልተስተካከለች ካርቡሬተሩን ከኢንጂኑ የሚያገናኘውን ጎማ ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩ። በደረቀ ጎማ ስንጥቅ የሚገባ አየር ልክ የቤንዚን እጦት ይመስላል። ኢንጂኑ እየሠራ ስንጥቁ ላይ ትንሽ የሳሙና ውኃ ጠብ ስታደርጉ ድምፁ ከተለወጠ እሱ ነው። ካንዴላውም ይናገራል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ተውት።

በተቃራኒው የኔ ካርቡሬተር ያፈሳል። አደጋ አለው?

አለው። ብዙ ጊዜ መርፌዋ ላይ ጉድፍ ተቀምጧል፣ ወይም የመርፌዋ ጫፍ ተበልቷል፣ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቷል። ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ለውጡት።

የማይታየው ፍሰት ግን ይብሳል። ቤንዚኑ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ ሌሊቱን ወደ ኢንጂኑ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ቤንዚን ቤንዚን ካለ አታስነሷት። መርፌዋን አሠርታችሁ ዘይቱን ለውጡ። በእጅ የሚዘጋ መክፈቻ ያላት ሞተር ደግሞ ማታ ማታ ይዘጋ።

ሰልባቲዮው ውስጡ ዝጓል። ፊልትሮ እየለወጡ መኖር ይቻላል?

ለጊዜው ይቻላል፤ ግን ዱቄቱ ከፊልትሮም ያልፋል። መክፈቻውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ሰልባቲዮውን በኮምጣጤ ሙሉና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ዝገቱ ወፍራም ከሆነ እፍኝ ትናንሽ ዳዶ ጨምራችሁ አንቀጥቅጡት። ስታስገቡ ቁጠሩ፣ ስታወጡም ቁጠሩ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውኃ አለቅልቁ፣ በአየር ቶሎ አድርቁ፣ ወዲያው ትንሽ ዘይት የተጨመረበት ቤንዚን አንከባሉበት። የታጠበ ባዶ ብረት እርጥበት ካገኘው በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል።

ዝገቱ የበሳው ከሆነ ባዶ ሰልባቲዮ እንዳለ ወደ ብየዳ አትውሰዱ። ሙሉ ከሆነው ይልቅ ባዶው ነው የሚፈነዳው፤ እንፋሎቱ ውስጥ አለ።

ቤንዚኑ ራሱ ቢሆንስ?

ማደያ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ከገዛችሁ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከሰልባቲዮው ሥር ትንሽ ወደ ንጹሕ ጠርሙስ አውርዱና ሩብ ሰዓት አስቀምጡ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ መስመሩ በዓይን ይታያል። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማየት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ጥሎ ይቆያል። ያን የጠጣች ሞተር ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች፣ ትጨሳለችም።

ውኃ ሁልጊዜ የሻጭ ጥፋት አይደለም። ክረምት ላይ ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያድር ሰልባቲዮ ከአየሩ እርጥበት ይሰበስባል። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ ውኃ ይስባል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቤንዚን ከስኳር ፋብሪካ በሚገኝ ኢታኖል ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ። ከድሮ የካርቡሬተር ላስቲኮች ብዙዎቹ ለኢታኖል ታስበው ስላልተሠሩ ሊያብጡ፣ ሊደርቁ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ደህና የነበረች ሞተር መተሐራ ስወርድ ለምን ትቆራረጣለች?

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ እናም አንዳንድ መካኒክ ቤንዚን እንዳይበዛባት ብሎ አነስ ያለ ጄት ይገጥማል። ያቺው ሞተር ቆላ ስትወርድ ወፍራም አየር ታገኛለች፣ ቤንዚኑ ግን ያንሳታል። በተገላቢጦሽ ለቆላ የተስተካከለች ሞተር እንጦጦ ስትወጣ ትታፈናለች፣ ጥቁር ታጨሳለች። የተደፈነ ነገር የለም። ወደ ፋብሪካው የጄት ቁጥር መመለስ ለሁለቱም የሚሻል መካከለኛ መንገድ ነው።

ቱ ስትሮክ (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል) ሞተር ላይ የሚለይ ነገር አለ?

አለ፤ አትታገሷት። ቤንዚን ያነሳት ቱ ስትሮክ ኢንጂን ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል ወይም ይበሳል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅላችሁ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። እንደ ዲቲ ዘይቷን ለብቻ የምትይዘው ትንሽ ትሻላለች እንጂ ከግለቱ አታመልጥም። መዛል ስትጀምር የነዳጅ እጀታውን ልቀቁና ቁሙ።

ሰልባቲዮውን በቱቦ በአፌ ስቤ ባራግፈውስ?

አታድርጉት። የሚያሰጋው መዋጡ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ያቆስላል። ከተዋጠ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ የሚገባበት ዕድል ይጨምራል። ወተትም መድኃኒቱ አይደለም። ሐኪም ቤት ሂዱ። መክፈቻ ያላት ሞተር ላይ ደግሞ መሳብ ለምን? ጎማውን ነቅላችሁ ክፈቱት።

ይህ ሁሉ ካርቡሬተር ለሌለው የኢንጄክሽን ሞተርም ይሠራል?

የቤንዚኑ ንጽሕና፣ የክዳኑ ቀዳዳና የዝገቱ ጉዳይ ይሠራል። ሌላው አይሠራም። እነሱ ፓምፕ አላቸው፤ መስመሩ ውስጥ ግፊት ስላለ ጎማ ዝም ብሎ አይነቀልም። ቁልፍ ስትከፍቱ ከሰልባቲዮው አካባቢ ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ ከፊውዙ ጀምሩ።